ምንም አልጎደለብኝም

ውድ እታለም፣

ባለፈው እሑድ ደግሞ ተናገርሽ። ከቀበርንሽ ሰባት ወር ሆነ፤ አዳራሹ ግን አንድም እሑድ ድምፅሽን ሳይሰማ መባ ሰጥቶ አያውቅም። ከድምፅ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ ቁልፉን የምጫነው እኔ ነበርኩ። «ምንም አልጎደለብኝም» ትያለሽ፤ ሕዝቡ «አሜን» ይላል፤ ቅርጫቶቹ በየረድፉ መዞር ይጀምራሉ። ሙት ዝም ይላል ሲባል ነበር የማውቀው። አንቺን ግን ዝም እንዳትዪ ያደረግሁሽ እኔ ስለሆንኩ፣ ባለፈው እሑድ የሆነውንም ከእኔው መስማት አለብሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ከሁሉ በፊት የማልክደውን ልጻፍ። ወደዚያ አዳራሽ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ።

በአንድ ግድግዳ ተካፍለን ስንኖር የስፌት መኪናሽ ድምፅ እኔ ክፍል ድረስ ይገባ ነበር። ለሥራ ስነሳም፣ ከሥራ ስገባም እሱ ነው የሚቀበለኝ። ሱሪዬ ሲቀደድ ትሰፊልኛለሽ፤ ልክፈል ስልሽ «ሲያልፍልህ ትከፍለኛለህ» ትዪኛለሽ።

«ካላለፈልኝስ?»

«ያኔማ ለሁለታችንም አላለፈልንም፤ ማን ማንን ይከሳል?»

እናትሽ ድሃ ለእግዚአብሔር ቅርብ ነው እያሉ እንዳሳደጉሽ ነግረሽኛል። «እሷ እንዳለችው ከሆነማ እኔና እሱ የአንድ ግቢ ተከራዮች ነን» ብለሽ ትስቂ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። በአዳራሹ የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር፤ እግዚአብሔር እንድበለጽግ እንደሚፈልግ አዲስ የተነገረኝ ሰው ነበርኩ። «እታለም፣ አባት ልጆቹ ሲቸገሩ ደስ ይለዋል እንዴ?» አልኩሽ። መርፌውን ከአፍሽ አውጥተሽ «እሱስ እውነትህን ነው» አልሽኝ። በሚቀጥለው እሑድ ራስሽ የሰፋሽውን አመድማ ቀሚስ ለብሰሽ መጣሽ።

መጋቢው የሰበከው ያላትን ሁሉ ስለሰጠችው መበለት ነበር። «የማያምህ ስጦታ ዘር አይባልም!» አለ። መጋቢውን ታውቂዋለሽ፤ ሲናገር የደረቀ እንጨት የሚያለመልም ነው የሚመስለው። በሦስተኛው እሑድ የስፌት መኪናሽን ሰጠሽ። ሁለት አስተናጋጆች ተሸክመውት ወደ መድረክ ሲወጡ አንቺ ከኋላ ከኋላ እየተከተልሽ፣ የተንጠለጠለው ክር መሬት ለመሬት እንዳይጎተት በእጅሽ ሰብስበሽ ይዘሽው ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ «ልክ ነው ያደረግሁት?» ስትዪኝ «እምነት ልክ አይጠየቅበትም» አልኩሽ። ሳምንቱን ሙሉ በዚህች አነጋገሬ ስኮራ ከረምኩ። በዚያው ሳምንት ግድግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ በእጅሽ ስትሰፊ አይሽ ነበር። ወንበርሽን በረንዳ ላይ አውጥተሽ ፀሐይዋን እየተከተልሽ ትዞሪያለሽ። ጥቂት ወራት አልፈው ታላቁ ጉባኤ ሲቃረብ መጋቢው አዲስ ምስክርነት ፈለገ። «ያቺ መኪናዋን የሰጠችው እህት የት አለች?» አለኝ። ወደ ቀረጻ ክፍሌ አመጣሁሽ፤ ማይኩን ፊትሽ አቆምኩልሽ፤ ተናገርሽ። መጋቢው ያልሽውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ አንተ ባለሙያ አይደለህም?» አለኝ። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልወጣውም። ከዚህ ሌላ ቃልም አላስፈለገኝም።

አንቺ ያልሽው «ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ» ነበር። እኔ የፊቱን አስቀርቼ የኋላውን ጣልኩት። ከሥሩ ለስላሳ ፒያኖ አስገባሁበት። ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። «ብዬ» ለማለት የተገጠመው ከንፈርሽ ግን አልቆረጥ አለኝ። መጨረሻው ላይ፣ ከፒያኖው ሥር፣ ከንፈርሽ ግጥም ሲል ይሰማል። ከእኔ በቀር የሚሰማው ሰው የለም።

በጉባኤው ቀን ድምፅሽ ከስፒከሮቹ ሲወጣ መጀመሪያ ቀና አልሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ወደ መስታወቱ ዞርሽ። መስታወቱ ከውጭ ጥቁር ነው፤ እኔን ልታዪኝ አትችዪም። ግን ዓይኔን አየሽው። መንገድ ላይ እስክትሰድቢኝ እየጠበቅሁ ከጎንሽ ሄድኩ። «ድምፄ እንዲህ ያምራል እንዴ? አላውቅም ነበር» አልሽ። ምናለ ብትሰድቢኝ ኖሮ!

አዳራሹ ለችግረኞች ዱቄትና ዘይት የሚሰጥበት ዝርዝር ላይ ስምሽ ነበር። በማግስቱ የእርዳታ ኮሚቴው ጸሐፊ ሰረዘችው። ቢሮዋ ውስጥ የተበላሸ ሶኬት እየጠገንኩ ነበርና ስትናገር ሰማኋት፤ «ምንም አልጎደለብኝም ያለች ሴት ለዱቄት ተሰልፋ ብትታይ ሰው ምን ይላል?» አለች። እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ሽቦዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

አንቺም አልጠየቅሽ። እንዴት ትጠይቂያለሽ? ራበኝ ብትዪ በሺህ ሰው ፊት የተናገርሽው ሐሰት ሊሆን ነው፤ እግዚአብሔርንም አሳማሽው ሊሉሽ ነው። አንድ ቀን የግቢያችንን ደረጃ ሁለት ጊዜ እያረፍሽ ስትወጪ አገኘሁሽ። ከንፈርሽ ጠቁሯል፤ እጅሽ ደረትሽ ላይ ነው።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ? ምን ጎደለ?»

«ምንም አልጎደለብኝም» አልሽኝ።

ክው አልኩ። የራስሽን ንግግር ልክ እኔ የቆረጥኩበት ቦታ ላይ አቆምሽው፤ ዜማው ሳይቀር እኔ የሠራሁት ነበር። አሹፈሽብኝ ይሁን፣ መርሮሽ ይሁን፣ ወይም እውነቱን የምትነግሪው ሰው አጥተሽ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዳቦ ገዝቼ በርሽ ላይ አንጠለጠልኩ። ማታ ስመለስ እኔ በር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ሦስት ሳምንትም አልቆየሽ። እኩለ ቀን ላይ እኔና አከራያችን ተሸክመን ሐኪም ቤት ስናደርስሽ ትንፋሽሽ አልቆ ነበር። ሐኪሙ የልብ ሕመሙ የቆየ መሆኑን፣ መድኃኒት ብትጀምሪ ኖሮ ብዙ ዓመት ልትቆዪ ትችዪ እንደነበር ነገረን። «ለምን ቀደም ብላ አልመጣችም?» አለ። አከራያችን ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ከግድግዳው ማዶ አሁን ሌላ ተከራይ ገብቷል። ሬዲዮ አይዘጋም። እኔ ግን ከሬዲዮው ሥር ከንፈር ሲገጥም እሰማለሁ። አውቶቡስ ውስጥ እሰማዋለሁ። ፊቴን ስታጠብ ውሃውን ስዘጋው እሰማዋለሁ፤ ሊናገር አፉን የገጠመ ሰው ከጎኔ የቆመ ይመስለኛል። ዞር ስል ማንም የለም። እጠብቃለሁ። የሚቀጥለው ቃል አይመጣም።

በመጨረሻ ባለፈው ቅዳሜ መጋቢው ቢሮ ገባሁ። እግሩ አብጦበት ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል።

«መጋቢ፣ የእታለምን ድምፅ እናቁመው።»

«ምነው? ተበላሸ?»

«ዱሮም የተበላሸ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ተርበህ ታውቃለህ?» አለኝ። «እናቴን ድህነት ጽድቅ ነው ብለው አስተማሯት፤ በጽድቋ ሞተች። አስተማሪዎቿ ግን ምሳቸውን በልተው ነበር የሚመጡት። እኔ ያን ቀን ነው የማልኩት። ማንንም ድሃ ድህነትህን ውደደው አልለውም አልኩ።»

እታለም፣ ድምፅ ሥራዬ ነው፤ የሚዋሽ ሰው ድምፅ አልነበረም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

«ውደጂው አላልናትም» አልኩት፤ «ደብቂው ነው ያልናት።»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ማሰሪያውን እስኪጨርስ ቀና አላለም። «ስንት ሰው በዚያ ድምፅ ተጽናንቶ ቆሟል። ተወው» አለኝ።

እሑድ የመባው ሰዓት ደረሰ። ሳይቆረጥ ያስቀመጥኩትን ቅጂ ከፈትኩ። «ምንም አልጎደለብኝም» አልሽ። ሕዝቡ «አሜን» ብሎ ሳይጨርስ ቀጠልሽ፦

«...ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ። ግን መዋሸት ይሆንብኛል። መኪናዬ ከሄደ ወዲህ በእጄ ነው የምሰፋው፤ ዓይኔም ደክሟል። መጋቢ ስለዚያች መበለት ሲሰብኩ በማግስቱ ምን እንደበላች አልነገሩንም። እኔ የራሴን ልንገራችሁ፤ ሻይ ነው የጠጣሁት፣ ስኳር የሌለው። እግዚአብሔርን አልተቀየምኩትም። እሱ መኪና ምን ያደርግለታል? ልብስ አይሰፋ! የጠየቀኝ ሰው ነው፤ የሰጠሁትም እኔው ነኝ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የሰጠ ሰው ሲቸግረው ቸገረኝ ማለት ይፈቀድለታል ወይ? እሱን ብትነግሩኝ።»

ስኳሩ ላይ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ቀረ። ቅርጫቶቹ የደረሱበት ሰው ጭን ላይ ቆሙ። መጋቢው ወደ መስታወቱ ዞሮ እጁን አነሳ። አቁም ሊለኝ ነው ብዬ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። እሱ ግን እጁን መልሶ የአትሮኖሱን ጠርዝ ያዘ። እስከ መጨረሻው አዳመጠሽ። ከዚያ «እንጸልይ» አለ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን፤ ቃል ግን አልወጣም። ከኋላ አንድ ወንበር ተንቋቋ፤ ሌላም ቀጠለ። ዓይኔን ስገልጥ መጋቢው እዚያው ቆሟል፤ ከፊቱ ግማሹ ሕዝብ ወጥቷል።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ቅር አላለኝም። ቤት ገብቼ ይቅር በዪኝ ልልሽ አሰብኩ፤ ግን ተውኩት። መልስሽን ለራሴ እንደሚመቸኝ አድርጌ ልሠራው እንደምችል አውቃለሁና።

ከሰዓት በኋላ የቤቴ በር ተንኳኳ። ጸሐፊዋ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ የስም ዝርዝሩን ደብተር ይዛለች።

«ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ስትሰርዢው ነበርኩ።»

ደብተሩን ገለጠች። «ከእሷ ሌላ ስንቱን ቆርጠሃል?»

«አላስታውስም።»

«እንግዲያው የመሰከሩትን ሁሉ በየቤታቸው እየሄድን እንጠይቃቸው» አለች።

ትናንት ጀመርን። የመጀመሪያው የመጋዘን ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአንድ ዓመት በፊት እግራቸው እንደተፈወሰ የመሰከሩ። በሩን ከፍተው ሲያዩን ፈገግ አሉ። «ደህና ነን፣ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ክብር ለእሱ ይሁን» አሉን። በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ዱሮ ቢሆን «አሜን አባቴ» ብዬ ቀርጬ እሄድ ነበር። አሁን ግን ዝም ብለን ቆምን። ሽማግሌው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መንገዱን አዩ። መቃኑን የያዘው ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በሉ እንግዲህ ግቡ» አሉን። «ወንበሩ ግን አንድ ነው።»

ጸሐፊዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ አረፉ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሱሪያቸውን እግር ቀስ ብለው ወደ ላይ ሰበሰቡ፤ ከዚያ መናገር ጀመሩ። እስኪጨርሱ አላቋረጥኳቸውም።

ነገ ወደ ሁለተኛው ቤት እንሄዳለን።

ደህና ሁኚ፣ እታለም።

ጎረቤትሽ