ከሦስቱ ለለቅሶ የሚደርሰው

ትርንጎዬ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀረው። ቀን መቁጠር አትወጂም ነበር፤ እኔ ግን ታውቂኛለሽ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ የሚለቅመው ስላጣ ወፍ ጨረሰው። የሳሎኑ መጋረጃ ካንቺ ወዲህ አልታጠበም። አመሻሽ ላይ የምንቀመጥባትን የሐይቅ ዳር ድንጋይ አንድ መዝናኛ ቤት አጥር አዙሮ ወደ ውስጥ አስገብቷታል፤ አሁን ከድንጋያችን ላይ ጣናን ለማየት ለስላሳ ማዘዝ ግድ ነው። አስተናጋጁን ተቆጣሁት። “ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ አጥሩን ያጠርሁት እኔ አይደለሁ” አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጣዬን የምትቀበልልኝን ሰው ካጣሁ ወዲህ በየመንገዱ እያደልሁት ነው። የሚያገኘኝ ሁሉ “በርታ” ይለኛል፤ ለምን እንደምበረታ ግን የሚነግረኝ የለም።

የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው። ነገሩ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ይጀምራል።

ለክፍል ስዘጋጅ ትምህርቴን መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነበርሽ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችሽን ደብተር እያረምሽ፣ እኔ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድሁ፣ በሥነ ምግባር ፍልስፍና ሦስት መንገድ አለ እልሻለሁ። አንደኛው ግዴታህን ተመልከት፣ ውሸት ውሸት ነውና ማንንም ቢጠቅም አትዋሽ ይላል። ሁለተኛው ውጤቱን መዝን፣ ሰው የሚጎዳበትን ተው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ደግና አስተዋይ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ቢቆም ምን ያደርግ ነበር ብለህ ጠይቅ ይላል። አንቺ ቀዩን እስክርቢቶ ሳታስቀምጪ “ከሦስቱ ለለቅሶ የሚደርሰው የቱ ነው?” ትይኛለሽ። እናደድ ነበር። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እናትሽ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ያረፉ ዕለት አንቺ ከቀዶ ሕክምና ወጥተሽ ቤት ገብተሻል፤ ገና ስፌትሽ አልደረቀም ነበር። ወንድምሽ ሙሉቀን ደውሎ “እስክትድን መርዶው ይቆይ ተብሏል፤ ሽማግሌዎች ተነጋግረውበታል” አለኝ። ደሜ ፈላ። የእናቷን ሞት ከሰው ሁሉ በኋላ የምትሰማው በየትኛው ሕግ ነው? አዋቂ ሰው የራሱን ሐዘን የማወቅ መብት አለው፤ በየዓመቱ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ስልኩን ዘግቼ አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁና ነገርሁሽ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ግቢው ውስጥ ከኔና ካንቺ በቀር ሰው አልነበረም።

አልጮኽሽም። ብትጮኺ ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ከሰማ ሙሉቀን ጆሮ ይደርሳል፤ ከዚያ እኔ ከዘመዶችሽ ጋር እቀያየማለሁ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስበሽ የነጠላሽን ጫፍ አፍሽ ውስጥ ከተትሽና ነከስሽው። እኔ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀሎኝ ነበር።

ከወር በኋላ ዘመዶችሽ ጎሕ ሲቀድ መርዶ ሊያረዱሽ መጡ። ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኽሽ፣ ደረትሽን መታሽ። ጥግ ቆሜ ሳይሽ ማስመሰልሽ ይሁን እውነትሽ መለየት አቃተኝ። ለቅሶኛው ሲበተን “ያንተን እውነት ብቻዬን ተሸክሜው ከረምሁ፤ ዛሬ ሰው አገዘኝ” አልሽኝ። እኔም ምን ማለትሽ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሕመሙ ተመልሶ መጥቶ አንቺን ሲወስድ ደግሞ ተራው የአባትሽ ሆነ። “ልባቸው አይችልም፤ ለአባባ አይነገርም” አለ ሙሉቀን። ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፣ እሺ አልሁ። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ የሚሰማቸው የኔ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው፤ በሕይወት ሳለሽም ሰላምታሽን የማደርሰው እኔ ነበርሁ። እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ይደውላሉ። “ትርንጎ እንዴት ናት?” “ደህና ናት አባባ፤ ሰላም ብላዎታለች።” ውጤቱን የሚመዝነው ሰው ይህን ትክክል ይለዋል፤ ሽማግሌው ተኝተው ያድራሉ። ለራሴ እንደዚያ እያልሁ ስድስት ወር ዋሸሁ።

ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ አንቺ ደህና ነበርሽ። “ገበያ ወጥታለች” ስላቸው ዘንቢልሽን ይዘሽ በበሩ ስታልፊ አይሻለሁ። አንድ እሑድ “ወጥ ቤት ናት” ብያቸው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዞሬ ወደ ወጥ ቤት አየሁ። የምጠብቀው የሳቸውን ልብ አልነበረም።

ባለፈው ወር ለእናትሽ ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ እንድትመጪ ጠየቁ። “ዓይኔም እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ልያት” አሉ። “ትመጣለች” አልሁ። ክፍል ውስጥ ስለ መጥፎ ሥራ ሳስተምር የመጀመሪያው ምሳሌዬ የማይፈጽሙትን ቃል መስጠት ነው። በራሴ ተናድጄ፣ መልሼ ደውዬ እዚያው ልነግራቸው ቁጥራቸውን አወጣሁ። የነከስሽው ነጠላ ታየኝ። ስልኩን አስቀመጥሁት።

ለሙሉቀን ደወልሁ። “ጋሼ፣ የመጽሐፉን ነገር እዚያው ክፍልህ ተወው፤ እኝህን ሰው ትገድልብኛለህ” አለኝ። ተጨቃጨቅን። “ብቻቸውን አልነግራቸውም፤ አንተ ሰው ሰብስብ” አልሁት። “እሺ፣ ቄሱን እኔ አናግራለሁ” አለ በመጨረሻ።

በጀልባ ደልጊ ሄድሁ። ጎረቤት ቤት አደርሁ፤ አባትሽ ራታቸውን መብላታቸውን ሙሉቀን አይቶ መጥቶ ነገረኝ። ሊነጋጋ ሲል የነፍስ አባታቸው፣ ሙሉቀን፣ አራት ጎረቤቶችና እኔ ገባን። “እንደምን አደሩ አባባ” ስል ድምፄን አወቁት። ፊታቸው በራ። እጃቸውን በትከሻዬ አሳልፈው ከኋላዬ አንቺን ፈለጉ። “ብቻህን መጣህ?” አሉኝ።

“አዎ አባባ። ብቻዬን ነኝ።”

ቄሱ የሚናገሩት አልቀረላቸውም። ሽማግሌው ሲወድቁ ስድስት ሰው ደገፋቸው። ጮኹ፤ አብረናቸው ጮኽን። በቀብርሽ ዕለት በደረቅ ዓይን የቆምሁት እኔም ጮኽሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የእናትሽን ሞት ያን ቀን ለአንቺ በመንገሬ አሁንም አልጸጸትም፤ በዚህስ አትረቺኝም። ነግሬሽ ሳበቃ ደጅ ወጥቼ አንዲት ጎረቤት አለመጥራቴን ግን ይቅር በይኝ። አንድ ወር ሙሉ ብቻሽን ተውሁሽ፤ አጠገብሽ ተኝቼ። “ከሦስቱ ለለቅሶ የሚደርሰው የቱ ነው?” የሚለውን ጥያቄሽን በዚህ ሳምንት ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። አንዲት ተማሪ ሳቀች። አላስወጣኋትም።

አባትሽ በሕይወት አሉ። አሁንም እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ይደውላሉ። አንቺ ደህና የነበርሽባት አምስት ደቂቃ ግን የለችም፤ ስልኩ ሲጠራ ከወንበሬ መነሣት ይከብደኛል። “ዛሬስ ከማን ጋር በላህ?” ይሉኛል። “ከማንም” እላለሁ። ከዚያ ያወሩልኛል፤ እኔ ያልደረስሁባትን፣ ደልጊ ዳር ከዓሣ አጥማጆች ጋር ስትከራከር የምትውለውን ልጅ። እኔ ደግሞ ቀይ እስክርቢቶ ስለያዘችው ሴት እነግራቸዋለሁ። በየእሑዱ እንዲህ አስታውስሻለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌም አይደለም፤ ጆሯቸው ደክሟልና መጮኽ አለብኝ፣ ጎረቤትም ይሰማል።

ያንቺው፣
ባሕር ዳር