የደጃፋችን ድንጋይ ቆመ

ዲላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ? እንደ አንተ የቱሪስት መኪና የሚነዳው ሳምሶን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቀህ እንደምትነዳ ነግሮኝ ከልቤ አዝኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ከጉልበቱ በቀር ደህና ነው፤ ጉልበቱም ቢሆን ሰው ሲያየው ነው የሚብስበት። እንሰቱ አምሯል፣ ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል፣ ዝናቡም አላስቸገረንም።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስደውልልህ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነህ። ወይ ላሊበላ ልትገባ ነው፣ ወይ ከጎንደር ልትወጣ ነው፣ ወይ እንግዶችህ ጢያ ድንጋይ ፊት ቆመው ፎቶ እየተነሱ ነው። ከዚያ ወሬውን ትተህ ፎቶ ትልክልኛለህ። የፋሲል ግንብ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የሐረር ጀጎል፣ ፊቱ ቆመህ ያልተነሳህበት የለም። አንዷ እንግዳህ የሰጠችህን፣ ማቹ ፒቹ የሚሉትን የፔሩ ተራራ ላይ ጥንታዊ ከተማ ፎቶ ሳይቀር ልከህልኝ፣ እማዬ አይታ ይሄን ሁሉ ደረጃ ማን ይወጣዋል እያለች ስትስቅ ዋለች። የዓለሙን ድንጋይ ሁሉ አሳይተኸናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አንዱ ድንጋይ ግን አንስተህ አታውቅም፤ እኔም አንስቼብህ አላውቅም። ዛሬ ላነሳው ነው። ወረቀቱን በእጅህ እንዲሰጥህ ለሳምሶን አደራ ብዬዋለሁ፤ ደብዳቤን እንደ ስልክ ኔትወርክ የለም ብለህ አትዘጋውም።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሆኖም ሁሉንም አስታውሳለሁ። እማዬን በክረምት ደጃፋችን ላይ ጭቃው አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰበረ። አንተም በማግስቱ አምስት ጓደኞችህን ሰብስበህ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ፣ ከጥንቶቹ የመቃብር ድንጋዮች መሀል፣ ፊት የተቀረጸበትንና የወደቀውን ድንጋይ በእንሰት ግንድ ላይ እያንሸራተታችሁ አወረዳችሁት። ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ በራችን ላይ አጋደማችሁት። እማዬ እጇ በጨርቅ እንደታሰረ ወጣ ገባ እያለች ስትረግጠው፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ግን የሆነውን ታውቃለህ። የአባቶችን ድንጋይ የእግር መጥረጊያ አደረገው ብሎ በሽማግሌዎች ፊት አዋረደህ፤ ወይ ድንጋዩ ይመለሳል ወይ አንተ ትሄዳለህ አለ። አንተም የእሱ ልጅ አይደለህ፣ ሄድክ።

እማዬም በበኩሏ ልጄ ከሄደ ድንጋዩ የትም አይሄድም፣ ያመጣው እሱ ነው፣ እሱ መጥቶ ይመልሰው አለች። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አባዬ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅም። ጉልበቱ እንደዚያ እያመመው መቃኑን ይዞ ከላዩ ይሻገራል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። የጌዴኦ ምድር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እኔ የምሠራበት የቅርስ ቢሮ ሥራ በዝቶበታል። እኔም ከጉብታው ላይ የተወሰዱትን ድንጋዮች ቤት ለቤት እየዞርኩ እንድመዘግብ፣ ባለቤቶቹንም አግባብቼ እንዳስመልስ ታዘዝኩ። ጋሽ ደበበ አጥሩ ውስጥ የተከለውን ጻፍኩ። ጎረቤታችን ጥሩብርሃን ልብስ የምታጥብበትን ጻፍኩ። ሠላሳ ሰባት ድንጋይ አገኘሁ፤ የእኛን ዘለልኩት። ቀኑን ሙሉ ስለ ቅርስ ስሰብክ ውዬ ማታ ቅርሱን ረግጬ እገባለሁ። ጥሩብርሃን ይህ አልዋጥ ቢላት ቢሮዬ ድረስ መጣች። በሰው ፊት፣ የእኛን ስትለቅሚ የእናትሽ ደፍ ላይ የተጋደመው ምንድን ነው፣ ሳሙና ነው ወይ አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሠላሳ ስምንተኛ ብዬ መዘገብኩትና ለእማዬ ነገርኳት። ምንም አልተቆጣችም። ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ እኔን ንቀሉ፣ ከዚያ ድንጋይዋን ትነቅላላችሁ አለች። ቤታችን ድሮ ሣር ክዳን ነበር፣ ዛሬ ቆርቆሮ ነው። ዝግባው ተቆርጧል። የግቢው መግቢያ ዞሮ በጓሮ በኩል ሆኗል። ድንጋይዋ ከሄደች ልጄ ሲመጣ ቤቱን በምን ያውቃል አለችኝ።

ወንድሜ፣ አሁን እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ሳምሶን ዲላ ምሳ ሲበላ ሁሉን አጫውቶኛል። ወደ ቦረና እንግዳ ስትወስድ የምታልፈው በእኛው አስፋልት ነው። ከጉብታው ሥር ያለችው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ሙዚቃውን ትዘጋለህ፣ መኪናውን ቀስ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ነድተህ ታልፋለህ። ይህን ለእማዬ ነግሬያት ነበር። እሷም መኪናውን ቀስ የምታደርገው ቤቱ ጠፍቶብህ ነው ብላ ታምናለች። እኔ እንኳ አላምንም፤ እሷ ግን እንድታምን ትቻታለሁ። ለአባዬ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ሹፌር መሆንህን እንኳ አልነገርነውም፤ ቤታችን ውስጥ እሱ ባለበት ስምህ አይነሳማ።

እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ ከድንጋዩ አልተነሳችም። ቆጮዋን እዚያው በላች፣ እንግዳ እዚያው ተቀበለች። እኔ ቢሮ የምናገረውን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባዬ አስፋልቱ ቁልቁል ከሚታይበት የጉብታው ጫፍ ወረደ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ መቀመጫውን ከዋርካው ሥር ወደዚያ አዛውሯል፤ ፀሐይ ለጉልበቴ ይስማማኛል ይላል። እየተጎተተ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ድንጋዩ ላይ! እኔ ጀሪካኔን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አላት፤ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ብዙም አላወራም። እማዬ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና ውሰዷት አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ወንዶች በገመድ ጎትተው ወሰዱት። ሥራውን የመራው ባንተአምላክ የሚባል የዩኒቨርሲቲው መምህር ነው፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ትሑት፣ ድንጋዮቹን እንደ ሕመምተኛ ነው የሚነካቸው። ስንገለብጠው ምን ብናይ ጥሩ ነው? ፊቱ ምንም አልሆነም። በመሬት ተደፍቶ መኖሩ ከዝናብም ከእግርም አድኖታል። እማዬ ውኃ አምጥታ አፈሩን ከዓይኖቹ አጠበችለት። ጥሩብርሃን እንኳ አፏን ይዛ ቀረች፤ አሁን ታርቀናል።

ድንጋዩ ድሮ የቆመበት ጉድጓድ ተገኘ፣ ግን ፊቱ ቀድሞ ወዴት ይመለከት እንደነበር የሚያውቅ ጠፋ። ገሚሱ ሽማግሌ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው አለ፣ ገሚሱ ወደ ወንዙ። ክርክሩ ሲረዝም አባዬ ከኋላ ሆኖ ወደ አስፋልቱ አዙሩት አለ። ባንተአምላክ በአክብሮት፣ አባቴ፣ ይህ ድንጋይ መጀመሪያ ሲቆም እኮ አስፋልት አልነበረም አለው። አባዬ ከዘራውን መታጠፊያዋ ላይ ቀሰረ። መኪና የያዘ ሰው ወዲያ ወዲህ ማየት አይችልም፣ ፊት ለፊቱ ካላገኘው ያልፈዋል አለ።

ሰዉ ሁሉ ሽማግሌው ስለ ቱሪስት አሰበ ብሎ አደነቀው። እኔ እማዬን አየኋት። እሷ መሬት መሬቱን እያየች ፈገግ ትላለች።

ወደ አስፋልቱ አዞሩት። ከእኔ አንድ ክንድ ይረዝማል፤ ከመታጠፊያዋ ቀና ስትል ሙሉ ፊቱ ይታይሃል። ብቻህን መምጣት ቢከብድህ እንግዶችህን ምክንያት አድርግ፤ እነሱ ፎቶ ሲነሱ አንተ ቁልቁል ወደ ቤት መውረድ ብቻ ነው። ደጃፋችን አሁን ባዶ ነው፣ ክረምቱም እየመጣ ነው። ሲሚንቶ ላስደርግበት ስል እማዬም አባዬም በአንድ አፍ ከለከሉኝ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ሳይ ከተወለድኩ የመጀመሪያዬ ነው።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ወገብህን ይማርልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። ፍሬንህንም፣ በተለይ መታጠፊያዋ ላይ፣ ያዝ ያድርግልህ።

ጭቃ እየረገጠች የምትገባው
ታናሽ እህትህ