አራት ቁጥርን ለእንግዳ የለቀቁት አቶ ዋጋሪ ታፋ

አቶ ዋጋሪ ታፋ ከአባታቸው ከኦቦ ታፋ ጋሩማ እና ከእናታቸው ከአዴ አሰፋች ሌንጮ ጥቅምት 3 ቀን 1959 ዓ.ም. በዲጋ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀድመው ከመቀመጫቸው የሚነሡ ሰው ነበሩ። ይህ ጠባያቸው ኋላ ላይ ጉድ ሊያፈላ ነበርና ከወዲሁ ይያዝልን።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዲጋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በነቀምቴ ተከታትለው በ1980 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። በአርጆ የቡና መፈልፈያ ሃያ አምስት ዓመት ሠሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋጌጥ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤባንና ሩትን አፍርተዋል። በሠርጉ ዕለት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች በሁለት ቋንቋ «እናንተ ቅደሙ» ሲባባሉ ምሳው መቀዝቀዙ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ በተከፈተ አንድ የእናቶች ሆስፒታል የሕንፃ መቆጣጠሪያ ባለሙያ ሆኑ። ነገሩ እንዲህ ነው። የየክፍሉን ሙቀትና አየር የምትመራ ሳጥን አለች። ሳጥኖቹ ሁሉ በአንድ ሽቦ ይነጋገራሉ፤ እያንዳንዷም የራሷ ቁጥር አላት። ቁጥሩ በውስጧ ባሉ ጥቃቅን ማብሪያዎች ይሰጣል፤ አዲሱን ቁጥር የምትቀበለው ግን ጠፍታ ስትበራ ብቻ ነው። ሁለት ሳጥኖች አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም ባንዴ «አቤት» ይላሉ፤ መሥመሩም በጠቅላላ ይደናቆራል።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. ያለቀናቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ክፍል ሲዘጋጅ ኢንጂነር ሕሩይ አዲስ ሳጥን ይዘው ከአዲስ አበባ መጡ። ሳጥኗ ከፋብሪካ የወጣችው በአራት ቁጥር ነበር። አራት ደግሞ ከጥንት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሳጥን ነው። አቶ ዋጋሪ «እንግዳ ነው፣ ይያዘው» ብለው የቀዶ ሕክምናዋን ሳጥን ማብሪያዎች ወደ ዘጠኝ አዞሩ። ቀዶ ሕክምና እየተካሄደ ስለነበር ሳጥኗን አላጠፏትም፤ በመዝገብም አላሰፈሩም። ኢንጂነሩ በበኩላቸው መዝገቡን አይተው አራት የአቶ ዋጋሪ መሆኑን ሲረዱ አፈሩና፣ ሳይናገሩ የእንግዳዋን ሳጥን ባዶ ወደ ነበረው ወደ ዘጠኝ ወሰዷት። የቀዶ ሕክምናዋ ሳጥን ስላልጠፋች ገና በአራት ትጠራ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ሰላም መሰለ። ኢንጂነሩም ተመርቀው ተሸኙ።

ሐምሌ 12 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ሳጥኖቹም ሁሉ ጠፍተው በሩ። መሥመሩ ግን ጭጭ አለ። የሕፃናቱን ክፍል የሚያሞቀው የሙቅ ውሃ ፓምፕ ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው ሽቦ ነበርና ቆመ። በክፍሉ አራት ሕፃናት ነበሩ።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሊሊሴ የሙቀት መለኪያውን ይዘው ከበሩ ይጣራሉ። «ኦቦ ዋጋሪ፣ ሃያ አራት ገባ!» አቶ ዋጋሪ ከመሰላል ወደ መሰላል እየሮጡ ሽቦ በየተራ ይነቅላሉ። «ሃያ ሦስት!» እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በብርድ ልብስ ተጠቀለሉ። «ሃያ ሁለት! ኦቦ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ወሰኔ ለኢንጂነሩ ደውለው ስልኩን በአቶ ዋጋሪ ጆሮ ላይ ያዙላቸው።

«የእኔ ሳጥን ችግር የለባትም ጋሼ፤ ዘጠኝ ላይ ናት።»

«ዘጠኝ? አራትን ለቅቄልህ የለም እንዴ ልጄ!»

«እንዴት ጋሼ፣ እርስዎን አስነሥቼ እኔ ልቀመጥ?»

አቶ ዋጋሪ ስልኩ ሳይዘጋ ሮጡ። የቀዶ ሕክምናዋን ሳጥን ወደ አራት መልሰው አጠፏት፤ አበሯት። ፓምፑ ተነሣ። ሲስተር ሊሊሴ «ሃያ አንድ» ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «ሃያ አንድ ተኩል» ሲሉ አቶ ዋጋሪ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብለው ተንሰቀሰቁ። አራቱም ሕፃናት ተርፈዋል። ከእነርሱ አንዷ ሕብረት ዛሬ ከእናቷ ጋር በመካከላችን ትገኛለች፤ ቀብር መሆኑን አታውቅምና ብትስቅ ዝም በሏት።

አቶ ወሰኔ በሪፖርቱ «በመብራት መቋረጥ ምክንያት» ብለው ሊጽፉ ነበር። አቶ ዋጋሪ ግን ሰርዘው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁጥር ቀይሬ አልመዘገብኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ያሠለጠኗቸውን ሁሉ «በወንበር ተግደርደሩ፤ በቁጥር አትግደርደሩ» ይሉ ነበር። በወንበሩ እሳቸውም አልተዉም፤ በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳለ እንኳ የመስኮቱን አልጋ ኋላ ለመጣ ሕመምተኛ ለቅቀዋል። ሊጠይቋቸው የመጡት ሲስተር ሊሊሴ ተቆጥተው ቢመልሷቸውም በማግሥቱ ዳግመኛ ለቅቀው ተገኙ።

አቶ ዋጋሪ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሸዋጌጥን፣ ልጆቻቸውን ኤባንና ሩትን፣ እንዲሁም ሁሉም ቁጥራቸው የተመዘገበ አሥራ አንድ ሳጥኖችን ትተውልን ሄደዋል።

ጌታ ለነፍሳቸው ያዘጋጀውን ስፍራ ያሳያቸው፤ እሳቸውም ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኋላ ለሚመጣው ልነሣ ሳይሉ፣ ይቀመጡ።