ሥራ የለሽ ተብዬ ስለተሾምኩበት ሥራ

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አማቼ በቤቱ ሆኖ ልጁን ለማሳደግ የጠየቀውን የአንድ ዓመት ፈቃድ ስለ መከልከልዎ የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ ያለ ምንም ፈቃድ ለሚሸከምዎት ወንበር ደህንነትን እመኛለሁ። እኛ እዚህ ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንን እርስዎ የላኩት ኮሚቴ ቤታችን ድረስ መጥቶ ስላረጋገጠ፣ ከእንግዲህ መታመም ብንፈልግ እንኳ ያለ እርስዎ ፊርማ እንደማይሆንልን ገብቶናል።

እኔ በትኬት ተቆጣጣሪነት የሚያገለግልዎት ሰው አማት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት አቤት አቤት ማለት ወድጄ አይደለም። ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ይዤልዎት ብመጣ ጸሐፊዎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ከነፖስታው መለሰችኝ፤ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስብሰባ እስኪያልቅ መጠበቅ እንደማይችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ሊፍት ጠጋኝ ናት። ሰው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ሲጮህ ስልኳ ይጠራል፣ እሷም የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ባሏ፣ ማለትም አማቼ፣ የእርስዎ ሠራተኛ ነው። አንዲት ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አላቸው፤ ቤታችንን የምታስተዳድረው እሷ ስለሆነች «አለቅዬ» እንላታለን። ሞግዚቷ ባል አግኝታ ሄደች፤ መርቀን ሸኘናት፣ ምርቃቱ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት አለቅዬን እኔ እይዛታለሁ። ከምሳ በኋላ ግን እኔ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ልጄና አማቼ ተራ በተራ እየዋሹ ከሥራ መውጣት ጀመሩ። የአማቼ አጎት በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደሞቱ እርስዎ ከመዝገብዎ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው አጎት እንደሌለው ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከሁለቱ አንዳቸው ቤት እንዲቀመጥ፣ ይህንንም አቅማችን ይችል እንደሆነ እንዲታይ ተወሰነ። አንድ እሑድ ጠዋት ጠረጴዛ ከበቡ። እኔ ፊደሉን እንጂ ቁጥሩን ገና ስላልለመድኩ፣ እኔም እንድከተላቸው ብለው በጥሬ መኮሮኒ አሰሉት፤ የልጄ ደመወዝ አንድ ክምር፣ የአማቼ ደመወዝ አንድ አነስ ያለ ክምር ሆነ። ትንሹን ክምር ወደ ከረጢቱ መለሱና በቀረው ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለወተት እያሉ ያከፋፍሉ ጀመር። ሁሉም ሲዳረስ ለአማቼ ሲጋራ የሚሆን መኮሮኒ ጠፋ። ልጄ «ሲጋራውን ተወው» ብትለው «ትቼዋለሁ» አለ፤ «መቼ?» ብትለው «አሁን፣ አንቺ ስትናገሪ» አላት። በዚህ መካከል አለቅዬ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብላ የመብራቱን ክምር አፍሳ አፏ ውስጥ ከተተችው። አስተፍተን ብናየው ግማሹ የለም። አማቼ «እንግዲህ በጊዜ እንተኛለና» ብሎ ሒሳቡን ዘጋው። ጠባብ ነው፣ ግን ይቻላል ተባለ፤ ቤት የሚቀመጠውም ትንሹ ክምር እንዲሆን ተስማማንና ማመልከቻው ወደ እርስዎ መጣ። የእርስዎ ውለታ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንደኛ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ቤተሰቡ በቀረው ገቢ መኖር መቻሉ በኮሚቴ እንዲጣራ ደንብ በማውጣትዎ ልቤ ተነክቷል። በሁለት ደመወዝ መኖር ሲያቅተን አንድም ኮሚቴ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። በአንድ ልንሞክረው ስንል ግን ሦስት ሰው መጣ። ያልከፈለውን ገንዘብ እንዲህ ተጨንቆ የሚከታተል ድርጅት ማየት ብርቅ ነው።

ሁለተኛ። ይህ ኮሚቴ ምን ማየት እንደሚወድ አስቀድሞ ባለመናገሩ በቤታችን ላይ የደረሰውን ላመልክት። አማቼን አንድ ሾፌር ጓደኛው «ሀብታም ምሰሉ፤ ደሃ ከመሰላችሁ ነገ ብድር ሊጠይቅ ነው ብለው ይከለክሉሃል» ብሎ መክሮት ኖሯል። ልጄን ደግሞ የሥራ ባልደረባዋ «ደሃ ምሰሉ፤ ከሞላላችሁ ሞግዚት ቅጠሩ ይሏችኋል» ብላት ኖሯል። ሁለቱም ሌላው እንዳይጨነቅ ብለው ምክራቸውን በሆዳቸው ያዙ። ፍቅር በእኛ ቤት የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ይመስላል።

አማቼ ሳሎኑን ያዘ። ከታች ካለው ፀጉር አስተካካይ የደንበኞች መቀመጫ የሆነውን ቀይ ሶፋ ለግማሽ ቀን ተውሶ አስወጣው። በዚያ ሶፋ ላይ በየቀኑ እየመጡ የሚያሸልቡ አንድ ጡረተኛ አሉ፤ ሶፋው ደረጃውን ሲወጣ እሳቸውም ተከትለው ወጡና ሳሎናችን ውስጥ እቦታቸው ቁጭ አሉ። «አባባ፣ እንግዳ ሊመጣብን ነው» ብንላቸው «ምን ቸገረኝ፣ ተራዬ እስኪደርስ ነው እንጂ አልቆይም» አሉን። የሚቆረጥ ፀጉር የላቸውም።

ልጄ በዚያው ሰዓት መኝታ ቤቱን ይዛለች። ማቀዝቀዣውን ገፍታ ጥግ አስገብታ አንሶላ አለበሰችው፤ ቀጥላ ጣሪያው የሚያፈስ እንዲመስል ወለሉ መሀል ባልዲ አስቀምጣ ራሷ ውኃ ሞላችበት። ከእኛ በላይ ሌላ ሁለት ፎቅ መኖሩ ለማናችንም ትዝ አላለንም። እኔን ደግሞ አማቼ በአንዱ ጆሮዬ «እማዬ፣ ሲመጡ የጠገበ ሰው ሳቅ ይሳቁልኝ» አለኝ፤ ልጄ በሌላኛው ጆሮዬ «እማዬ፣ ሳል ሳል በይ» አለችኝ። የሁለቱንም ልብ ላለመስበር ኮሚቴው ቤቱን ሲዞር ሳሎን ላይ ሳቅሁ፣ መኝታ ቤት ውስጥ አሳልኩ፤ በሩ ላይ ስደርስ ሁለቱ ተደባለቁብኝና አነቀኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደንግጠው «እማማን ውኃ! ውኃ!» እያሉ አንድ ብርጭቆ ሙሉ አመጡልኝ፤ የቀዱት ከባልዲው ነው። ጠጣሁት። ለፈቃዱ ስል የማልጠጣው አልነበረም።

የኮሚቴዎ ጸሐፊ ጣሪያውን ስታይ፣ ባልዲውን ስታይ፣ ደግሞ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። የሠራተኛው ተወካይ ግን ከጡረተኛው ጎን ተቀምጠው እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ያዩት ነገር የለም፤ ከሦስቱ ሁሉ ቤታችንን በትክክል የገመገሙት እሳቸው ይመስሉኛል። ከውሳኔዎ ጋር ተያይዞ የመጣው ሪፖርት «ቤተሰቡ በሳሎን ባለጸጋ፣ በመኝታ ቤት ችግረኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚጦሯቸው አንድ አዛውንትም አሉ» ይላል። አዛውንቱ ሶፋው ሲወርድ አብረው ወርደዋል፤ በእርስዎ ወረቀት ላይ ግን ዛሬም እኛው ነን የምንጦራቸው። ቅያሪ ልብስ ይላኩላቸው።

ሦስተኛ። ሰብሳቢው ሊሄዱ ሲሉ «ለመሆኑ ወንድ ልጅ ቤት ተቀምጦ ምን ሊሠራ ነው?» ብለው ስለጠየቁን አመሰግናለሁ። ልጄ «እኔ ሊፍት ላይ ተንጠልጥዬ የምሠራውን ካዩ፣ እሱ ወተት ማፍላት የሚያቅተው ይመስልዎታል?» አለቻቸው። ወተቱ በዚያው ደቂቃ ገነፈለ፤ እሱን እንለፈው። እኔ በበኩሌ የምጨምረው አለኝ። የእኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለብዙ ዓመታት ቤት ተቀምጧል። ሥራ እየፈለግኩ ነው ይል ነበር፤ ሥራው ግን አልጋው ሥር ወይም ጋዜጣው ውስጥ መሆን አለበት፣ ሌላ ቦታ ሲፈልግ አላየሁትም። ልጅ አልያዘም፣ ወተት አላፈላም። አንድም ኮሚቴ መጥቶ «ይህ ሰው ቤት ምን ይሠራል?» አላለኝም። ያኔ ቢመጡ ኖሮ ብዙ የምነግራቸው ነበረኝ፤ ሶፋም ባልዋስ እኔው ራሴ ተሸክሜ አስገባቸው ነበር።

አራተኛ። ወደ ውሳኔዎ ልምጣ። እንዲህ ይላል፦ «በቤቱ ውስጥ ጤናማ የሆኑና ሥራ የሌላቸው አያት ስለሚገኙ፣ የሠራተኛው ቤት መቀመጥ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን ለቤተሰቡ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው፤ ሰው ሳያግዘኝ ከራስጌው እስከ ግርጌው የጨረስኩት የመጀመሪያው ማህተም ያለበት ወረቀትም የእርስዎ ነው። «ሥራ የሌላቸው አያት» የሚለውን ጮክ ብዬ፣ ሳልደናቀፍ፣ እንደ ዜና አንባቢ አወረድኩት። አማቼና ልጄ አንገታቸውን ደፉ። ምነው አያመሰግኑኝም ብዬ ስገረም ነው አያቲቱ እኔ መሆኔ የገባኝ። ስለ ንባብ ልምምዱ ባለውለታዎ ነኝ።

ሥራ የለሽነቴን ግን በትንሹ ላርምልዎ። በልጅነቴ ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ታናናሾቼን ይዤ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዚያ የራሴን ልጆች ይዤ ቀረሁ። አሁን በስተርጅና ከምሳ በኋላ ያለችውን ጊዜ ለራሴ ወስጄ ደብተሬን በፌስታል አንጠልጥዬ ብወጣ፣ እርስዎ ከቢሮዎ ሆነው «ተመለሽ» አሉኝ። መምህራችን ደጋግሞ የቀረ ተማሪ ከክፍሉ ይሰረዛል ብላናለች፤ እኔ ደግሞ ከተሰረዝኩ ሌላ ስልሳ ዓመት የምጠብቅ አይመስለኝም። ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ኮሚቴ አያሻኝም፤ ኮሚቴው ቢያሻው ግን እኔ አለሁ።

ስለዚህ በደብዳቤዎ የሰጡኝን ሹመት በታላቅ አክብሮት አልቀበልም።

ደግሞ የተሻለ መላ አግኝተናል። ሰሞኑን በድርጅትዎ አውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከሾፌሩ ጀርባ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ፤ ማንበብ ክፉ ልማድ ነው፣ አንዴ ከጀመሩት ማቆሚያ የለውም። «ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር በነፃ ይሳፈራሉ» ይላል። ወላጁ ተሳፋሪ መሆን አለበት አይልም። ሠራተኛ መሆን የለበትም አይልም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ማታ ለአማቼ ነገርኩት፤ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አለቅዬን አዝሎ ሥራ ገባ።

ውጤቱ አስደሳች ነበር። አለቅዬ የተሰጣትን ትኬት ሁሉ ጨብጣ አልመልስም አለች። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ትኬቴን ለማን ነው የማሳየው፣ ለእርስዎ ወይስ ለአለቃዎ?» ብሎ አውቶቡሱን በሳቅ አናጋው። አንዲት ሴትዮ ትኬታቸውን ለማስመለስ ከረሜላ ሰጧት፤ ያንን ያዩ ሌሎች ደግሞ ትኬት ሳይኖራቸው ከረሜላ ብቻ እየሰጧት አለፉ። ሾፌሩ ማልቀሷ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ያለ ፌርማታ ቆመ፤ እየዘፈነች ነበር። አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ከኋላው የተነሳው አውቶቡስ ቀድሞት ቆሞ ይጠብቀው ነበር። አማቼ እንደነገረኝ ከሆነ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ቀን አሳልፎ አያውቅም፤ አለቅዬም ማታ ጫማዋን አላወልቅም ብላ በር በሩን ስታይ አመሸች። ሥራውን ወዳዋለች።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሁለቱም ይገባሉ፤ እኔም ወደ ክፍሌ እገባለሁ። እኛ ያለ አማቼ ደመወዝ መኖር እንደምንችል በመኮሮኒ አስልተን ጨርሰናል። ድርጅትዎ አማቼን ከነልጁ ይዞ መኖር መቻል አለመቻሉ ግን ገና አልተጣራም፤ እሱን ሰኞ አብረን እናየዋለን።

እኔን ሥራ የለሽ ብለው በማህተም ያስመዘገቡኝን፣ ቤቴን ሳያዩ ያወቁልኝን፣ የልጅ ልጄን ሳይወልዱ ያሳደጉልኝን እርስዎን እድሜና ሰፊ ቢሮ ይስጥዎ እያልኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የትኬት ተቆጣጣሪው አማት፣
የሊፍት ጠጋኟ እናት፣
የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተማሪ

ግልባጭ፦
ለፀጉር አስተካካዩ፣ በመስታወቱ ላይ እንዲለጥፈው
ለአውቶቡስ ተሳፋሪዎች በሙሉ
ለጸሐፊዎ፣ ስብሰባው ሲያልቅ

ማሳሰቢያ፦ ሰብሳቢው ጃንጥላቸውን እኛ ቤት ረስተው ሄደዋል፤ በደህና ተቀምጧል። እንዲመለስላቸው ከፈለጉ ማመልከቻ በሦስት ቅጂ ያስገቡ። ያለ ጃንጥላ መኖር ይችሉ እንደሆነ እኔ፣ ልጄና ጡረተኛው አባባ ቤታቸው ድረስ ሄደን፣ መኝታ ቤታቸውንም ሳይቀር አይተን፣ ውሳኔያችንን በጽሑፍ እናሳውቃቸዋለን፤ እስከዚያ ዝናብ ቢመጣ በቤታቸው ጤናማ አያት ካሉ እሳቸውን ይያዙ።