ኖራና ጠመኔ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቃቸው ወይስ ዛሬም ሐኪም አላይም እንዳሉ ናቸው? ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ ትልቁ አልሳምም ካለ በግድ ሳሚው። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ብቻዬን እየሳቅሁ ስለምጽፍ መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከመጻሕፍት ጋር ተዘግቼ ልቀር እንደሆነ ጽፈሽ ተቆጥተሽኛል። ቁጣሽን ተቀብያለሁ። አሁን የምነግርሽ ግን የሥራ ወሬ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትፈልጊበት።

እኔ ከምሠራበት የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሳቋ መንገድ ይሻገራል። ለሰፈር ታሪክ ሰብሳቢዎች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት መኖሩን የሰማችው እሷ ናት። አንድ ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገብታ፣ የጋሽ ብሩሽን ጽሑፎች ለምን አንሰበስብም አለችኝ። ጋሽ ብሩሽ የምንላቸው የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ። የተረፋቸውን ቀለም አይደፉም፤ በየሰዉ ግድግዳ ላይ ለቤቱ የሚስማማ ቃል ይጽፉበታል። ቧንቧው አጠገብ «ቀስ ብለህ ቅዳ፤ ከኋላህ ሰው አለ» ብለው ነበር። ለዓመታት በተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች አጥር ላይ ደግሞ «ትናንት የተጣላኸው ሰው ዛሬም ጎረቤትህ ነው»። አምና አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሐሳባችን ጽሑፎቹን ፎቶ አንስተን፣ የየቤቱን ሰው ታሪክ ጨምረን፣ ለሰፈሩ ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት ነበር።

ማመልከቻውን ስንጽፍ ስንት ጊዜ ተጣላን መሰለሽ! ሥራው ለሰዉ ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ እኔ ገጽ ሙሉ ፍልስፍና ጻፍኩ። አነበበችውና፣ ይህን የጻፈው ሰው ሰፈሩን በመስኮት ብቻ ነው የሚያውቀው ብላ በመቀሷ ልትቆርጠው ምንም አልቀራት። በመጨረሻ የእሷን ቃል ላክን፦ «ሰው ቆሞ እንዲያወራ ያደርጋል።» በዚያች ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍን።

ልጇ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ እኔ ዘንድ ነይ እያለች ስትጨቀጭቃት ከርማለች። ልብስ ሰፊዋ ታዲያ፣ ይህ ነገር ካልተሳካ ማሽኗን ጠቅልላ እንደምትሄድ፣ እዚህ የሚያስቀምጣት ሌላ ምክንያት እንደሌለ ነገረችኝ። ይህን ስትል መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ። እኔን ያሳሰበኝ መቼም የሰፈሩ ጉዳይ ነው፤ እሷ ከሄደች ሱሪ የሚያሳጥር ሰው አይኖርም። ያን ሰሞን እንቅልፍ ያጣሁት በሱሪ ምክንያት ነው።

ገምጋሚዎቹ ግድግዳዎቹን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሚመጡ ሲነገረን፣ በየቤቱ ዞሬ፣ የተከበሩ እንግዶች ግድግዳችሁን ሊያዩ ይመጣሉና አደራ አልኩ። ከዚያ ለአንድ ጉዳይ ከሰፈር ወጣሁ። ስመለስ፣ የሰፈራችን አናጢ አስተባብሮ፣ ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ኖራ ቀብተውልኛል። እንግዳ በተላላጠ ግድግዳ አይቀበሉም አሉ። ሆስፒታል የገባሁ መሰለኝ። አናጢው ኖራ በኖራ የሆነ ጢሙን እየጠረገ፣ እንዴት ነው፣ አኮራንህ ወይ አለኝ። ፎቶ እንዳትይኝ፤ ካሜራው ከሚሰጠን ገንዘብ ሊገዛ ነበር። የየሰዉ ስልክ ተበረበረ፤ በተገኘው ፎቶ ሁሉ ፊደሉ ፊት የአንድ ሰው ጭንቅላት ተገትሯል።

በማግስቱ ገምጋሚዎቹ መጡ፣ አንዲት ባለመነጽር ሴትና አንድ ፊቱ የማይፈታ ሰው። ነጩን ግድግዳ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ሰውዬው ጽሑፎቹ የት አሉ ብሎ ጠየቀኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልብስ ሰፊዋ ግን ጨርቅ የምታሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ ከኪሷ አወጣች፤ ቧንቧው ጋ ሄዳ የነበረውን ቃል እንደነበረ ጻፈችው። የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ተከተለና ጠመኔውን ተቀብሎ በራሱ ግድግዳ ላይ «ጫማህን ስጠኝ፤ መንገዱን ራስህ ታውቀዋለህ» የሚለውን የጋሽ ብሩሽን ቃል መልሶ ጻፈ። ከዚያ ማን ያቁመው! ሁለቱ ተኳራፊዎች የአጥራቸውን ቃል አንዱ ጀመረው፣ ሌላው ጨረሰው፤ ወዲያው ደግሞ መጀመሪያ ያስታወሰው ማን እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር። ከዓመታት ወዲህ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ያ ፊቱ የማይፈታው ሰው ኮቱን አውልቆ ከመካከላቸው ቆሞ ይጽፋል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች። ከእኔ መስኮት ሥር ጎንበስ ብላ፣ በትልልቁ «መጽሐፉን ዝጋና ቀና በል» ብላ ጻፈች።

ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። ይህ አልነበረም፣ ቤተ መጻሕፍት ላይ መጽሐፍ ዝጋ ብሎ የሚጽፍ ማን አለ አሉ። ባለመነጽሯ ሴትዮ፣ የቤቱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት፣ ነበረ ወይስ አልነበረም ብላ ወደ እኔ ዞረች። እታለም፣ ከአንቺ ልደብቅ አልችልም፤ ጋሽ ብሩሽ በዚያ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ ጽፈው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ጠመኔዋን ጨብጣ ታየኛለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ለኮማ ቦታ ከሰው የምጣላው እኔ ወንድምሽ፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ነበረ አልኩ። ሁልጊዜም ነበረ፣ እኔ ነኝ ሳላነበው የኖርኩት አልኩ።

ትናንት መልሱ መጣ፤ ገንዘቡ ተፈቅዶልናል። ብቻ ጽሑፎቹ ስለጠፉ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ምስክር ይፈርም ብለዋል። ለቧንቧው ሰልፍ ሆነ። ለቤተ መጻሕፍቱ ግን ከሁለታችን በቀር የሚፈርም ጠፋ። እሷ ፈረመች፣ እኔም ከጎኗ ፈረምኩ። በዕድሜዬ ከፈረምኩት ሁሉ እንደዚያኛው እውነት የመሰለኝ የለም። ማታ ልጇ ደውላ መቼ ነው የምትመጪው ስትላት፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ፣ አልመጣም፣ ፈርሜያለሁ አለቻት።

እንግዲህ ዐውደ ርእዩ ሲከፈት መምጣትሽ አይቀርም። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለበዓሉ ቀሚስ እንዳትገዢ፤ እዚሁ ይሰፋልሻል። ልብስ ሰፊዋ፣ እህታችን ልኳን ቶሎ ትላክ ብላለች። «እህታችን» ያለችው እሷ ናት፤ እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ