ለመፍቻህ የሰፋሁት ማኅደር

ይድረስ ሳንጃ ላለኸው ልጄ።

የቆላው ሙቀት ጉልበትህን እንዳላደከመው፣ ንዳድም ደጅህን እንዳልረገጠ ተስፋ እያደረግሁ ስለ ጤንነትህ እጠይቃለሁ። እህል ይስማማሃል ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? በስልክ ብጠራህ አላነሣህም፤ ደግሞም አባት ለልጁ የሚለው ነገር ሁሉ ጎረቤት እየሰማ በጩኸት የሚባል አይደለም። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ዓይኔ ግን ወስፌውን ከጠፍሩ የሚለየው ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ብቻ ሆኗል። እናትህ ደኅና ናት፤ ስምህ ከአፏ አይወርድም።

ሾፌሩ ቢያዝን ሰሊጥ ጭኖ በመጣበት መኪና የመፍቻ ቦርሳህን አድርሶልኛል። «አያ፣ ልጅዎ ደኅና ነው፤ ቦርሳው ጠቦኛል፣ ለሌላ ባለሙያ ይስጡልኝ ብሏል» አለኝ። ይህን ሲል ዓይኑ ከጣሪያው ላይ ነበር። ታዲያ ምነው ራሱ አልመጣም ብዬ ብጠይቀው ሥራ በዝቶበት ነው አለ። ቀጥሎም መፍቻዎችህን ለሰው ልታከፋፍል እንዳሰብህ አመለጠው። ወፍጮውን ስለሚያዞረው ቀበቶ፣ ስለ ቺንጋውም አንድ ነገር ጀምሮ ነበር፤ እናትህ ጠላ ይዛ ስትገባ ግን ከጠላው ጋር ዋጠው። አላስጨነቅሁትም። ሰው ምላሱን ይገዛል፤ ቆዳ ግን የነካውን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

ጠበበኝ ማለትህን አላመንሁም። ያ ቦርሳ እንዴት እንደተሠራ አንተም እኔም እናውቃለን። ዕድሜዬን ለዳዊትና ለድርሳን የቆዳ ማኅደር ስሰፋ ለኖርሁት ሰው መጥተህ፣ የወፍጮና የውኃ ሞተር መጠገኛ ዕቃ መያዣ ስፋልኝ ስትለኝ፣ ጥዬህ እንደወጣሁ ታስታውሳለህ። የቅኔ ቤት ጓደኛዬ ፍቅረ ማርያምም የለመደውን ምላሱን ይዞ መጣና «መሪጌታ፣ ከእንግዲህ በማኅደርህ ፒንሳ ሊደገምበት ነው አሉ!» ብሎ በደጀ ሰላም አሳቀብኝ። ቢሆንም ሰፋሁት። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ይቆረጣል፤ በውስጡ የሚንገዋለል መጽሐፍ ጀርባው ይሰበራልና። በዚሁ ሕግ ለእያንዳንዱ መፍቻ፣ ለካቻቢቴው፣ ለሞረዱ በልኩ ቆርጬ ኪሱን ከጀርባው ጋር አጥብቄ ሰፋሁት። አንተም ገልብጠህ አይተህ ሣቅህና «አባቴ፣ ዳዊት ነገም ዳዊት ነው። የእኔ ዕቃ ግን ወፍጮ ስፈታ አንድ ነው፣ የውኃ ሞተር ስፈታ ሌላ ነው። ኪሱ እንደ ሥራው ይዘዋወርልኝ እንጂ» አልኸኝ። ያን ሰሞን ሁሉ አኮረፍሁህ። ከዚያ በኋላ ስፌቱን ተርትሬ፣ ጀርባውን በቀዳዳ ሞልቼ፣ ኪሶቹ በጠፍር ቋጠሮ የሚታሰሩና የሚፈቱ አደረግኋቸው። እንደ ፈቃድህ የምታሰናዳው ሆነ። ሸጋ ነው ብለሃል፤ እኔም ሸጋ መሆኑን አውቅ ነበር።

ስሰጥህም የሆነውን አልዘነጋህም። በአንድ እጅህ የሞተር ሳይክሉን ቆብ ይዘህ ሌላውን ብትዘረጋ ቦርሳውን ወደ ኋላ መለስሁት። ታናሽ ከታላቅ በሁለት እጁ ይቀበላል አልሁህ። ቆቡን መሬት አስቀምጠህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ በሁለት እጅህ ተቀብለህ ሳምኸው። ትክክል ነበርሁ፤ ዛሬም ከዚያ ቃሌ አልወርድም።

ቢያዝን ከሄደ በኋላ ቦርሳውን ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። ኪሶቹን ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ግራ፣ ሰብስበሃቸዋል። በቀኝ ያለው ቆዳ ደርቋል፤ በቀዳዳዎቹ አቧራ ተቀምጧል። ከዚያ ቋጠሮዎቹን አየሁ። የጠፍሮቹ ጫፍ ሁሉ ተጨፍልቋል፣ ሳስቷል፣ ጥርስ አርፎበታል። የአይጥ ጥርስ አይደለም፤ አይጥ ብራናዬን ስለበላችብኝ ጥርሷን አውቀዋለሁ። የሰው ነው፤ ሁለት እጅ ያለው ሰው ደግሞ ቋጠሮ በጥርሱ አይፈታም። አንደኛው ቋጠሮ ደግሞ ከነአካቴው በካራ ተቆርጧል። ትዕግሥትህ ያለቀው እዚያ ላይ መሆኑን አይቼ፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ቦርሳውን በጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። እናትህ ምነው ብትለኝ ስፌቱ ተተርትሮ ነው አልኋት።

አንተን አልጠየቅሁም፤ አሁንም አልጠይቅህም። ከኮሶዬ የደጋ በሬ ቆዳ አስመጣሁና ሥራ ጀመርሁ። ቆዳውን ሳዘጋጅና ስሰፋ በሁለቱ እጆቼ ሠራሁ፤ እያንዳንዱን ኪስ ስፈትን ግን ቀኝ እጄን ከወገቤ ጋር በጠፍር አስሬ በግራዬ ብቻ ከፈትሁት፣ ዘጋሁት፣ ነቀልሁት፣ ተከልሁት። ልጄ፣ ቀላል አይደለም። መዶሻው ከእግሬ ላይ ወደቀ። ቦርሳው ገና ስነካው እየተንሸራተተ በግድግዳው ሥር አስሮጠኝ። አንድ ጊዜ ቋጠሮ እንቢ ብሎኝ ስታገል ራሴን ጠፍሩን በጥርሴ ነክሼ አገኘሁት። እጄን ከወገቤ ፈታሁ። ከዚያ በኋላ ቋጠሮ የሚባል ነገር ከዚህ ቦርሳ አስወጣሁ።

እናትህ ድንገት ገብታ አየችኝና «ምነው መሪጌታ፣ ማን አሰረዎት?» አለች። ትከሻዬን ወጌሻ እንዲያርፍ አዝዞልኝ ነው ብዬ አለፍሁት፤ በቅባት ልታሸኝ ተነሣች፤ ያልታመመ ትከሻዬን ታሸሁ። ፍቅረ ማርያምም አልቀረልኝም። «በሁለቱም መስፋት ያቃተው ሰው ደግሞ አንዱን አሰረው!» ብሎ ከደጃፉ ላይ ሣቀ። አንተ በሁለት እጅህ ካበላሸኸው እኔ በአንዱ የማበጀው ይሻላል አልሁት። የታሰረውን እጄን አየ፤ ከዚያ በመደቡ ላይ የተዘረጋውን አሮጌውን ቦርሳህን፣ የጠፍሮቹን ጫፍ አየ። ጥምጥሙን አስተካክሎ ገባና የአዲሱን ቆዳ ጫፍ ወጥሮ ያዘልኝ። እስኪመሽ አልሄደም፤ አንድም ቃል አልቀለደም። 

አሁን ቦርሳው እንዲህ ነው። ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ገበታ የዋንዛ ሳንቃ አለው፤ ካስቀመጡበት አይንቀሳቀስም፣ ያዥ አይፈልግም። ክዳኑ አንድ ጊዜ ከተገፋ ተከፍቶ ይቆማል። እያንዳንዱ ኪስ ከጀርባው ጠንካራ የቆዳ ምላስ አለው፤ ምላሱ ከጀርባው ቀዳዳ ገብቶ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይያዛል፣ ወደ ላይ ሲገፉት ይለቅቃል። ከፈለግኸው ወገን፣ ከፈለግኸው ከፍታ ትተክለዋለህ፤ የማትፈልገውን ነቅለህ ከቤት ትተወዋለህ። በውጭ በኩል ሁለት የወይራ እንጨት በቆዳ አገናኝቼ እንደ መንጋጋ አድርጌዋለሁ። ቦርሳውን ከጎንህ አስቀምጠህ በጉልበትህ ስትጫነው ብረቱን ነክሶ ይይዝልሃል፤ መፍቻ የያዘው እጅ ያለ ጓደኛ አይቀርም።

ነገር ግን አላለቀም። ቆዳ አውቃለሁ፤ ወፍጮ እንዴት እንደሚፈታ አላውቅም። የትኛው መፍቻ ከየትኛው ቀድሞ እንደሚፈለግ፣ ማንገቻው ስትንበረከክ ከየት እንዲውል እንደሚሻል በአንተ አካል ካልለካሁት ግምት ነው። በግምት የሰፋሁት ማኅደር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ መፍቻዎችህን ለማንም እንዳትሰጥ። ይህን የምልህ በልመና አይደለም፤ አባትህ ነኝና አዝዤሃለሁ። አንዲትም ሳታጎድል ይዘሃቸው ና።

የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ዘንድሮ ተራው የእናትህ ነው። ጌሾ ወቅጣለች፤ አንተ የምትተኛበትንም መደብ በአዲስ ለቅልቃለች። ለእርሷ ምንም አልነገርኋት። የአንተ ነገር በአንተ አፍ ሊነገራት ይገባል፤ ስትነግራት እኔ ከአጠገብህ እቀመጣለሁ። ማኅበርተኛው ይበዛል፣ ሰው ያየኛል ብለህ የምታስብ እንደሆነ፣ ከበዓሉ በፊት ግባ። ፍቅረ ማርያም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ቆሜ እቀበለዋለሁ ብሎኛል። ምን ሊልህ እንደሆነ አላውቅም፤ ለአንተ ቀልድ ሊያጣ ይችላል፤ ቢቀልድብህ ግን ደስ ይበልህ።

ቦርሳውን በቢያዝን እጅ ያልላክሁት በአንተ አካል ልለካው ብዬ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ይጠብቅሃል። በቤታችን ሥርዓት ታናሽ ከታላቅ በሁለት እጁ እንደሚቀበል ነግሬሃለሁ፤ ይህንንም ሥርዓት ለማንም ብዬ አላፈርስም። ነገር ግን ማኅደር የሚሰጥበት ሌላ ሥርዓት አለ፤ እኔም ከመምህሬ የተቀበልሁት እንደዚያ ነበር። ሰጪው ቆሞ በተቀባዩ አንገት ላይ ያጠልቀዋል። ከአንተ የሚጠበቀው አንገትህን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ከሳንጃ እስከ ደጃችን ያለውን መንገድ የመልአኩ ክንፍ ይጋርድልህ። እህል ውኃው ይስማማህ፤ የጀመርኸው ሙያ በእጅህ ይባረክ።

በመስኮቱ ሥር የሚጠብቅህ
አባትህ