ዘይነባ ያስተካከለችው መቀመጫ

ዘይኔዬ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ገባ። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። እኛ ደኅና ነን። ልጃችን መርየም አግብታ ሞጆ ገብታለች። የጓሮው ግራር ጣራችን ላይ ሊወድቅ ስለደረሰ ቆረጥኩት፤ አሁን ፀሐዩ እስከ መደቡ ድረስ ይገባል። እኔም ያው ኮርቻ እየሰፋሁ አለሁ። ሞተርም በአገሩ በዝቷል። አንዱን የሞተሩ መቀመጫ ባስቸገረው ቁጥር "አዳማ ኮርቻ ሰፊው ጋ ሂድ" ይሉታል።

የመጀመሪያውን ታስታውሺዋለሽ? ግሪኩ ነጋዴ ሙሴ ያኒ ዶቅዶቄውን፣ ያን ሞተሩን፣ ከባቡር አስወርዶ በቀጥታ ወደ ግቢያችን የገፋው ቀን? መቀመጫው ተቀዶ ብረቱ ወጥቶ ነበር። "የበቅሎ ኮርቻ የሠራ ይኼንንም ይሠራል" ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። በቅሎ ስትራመድ ጀርባዋ ከሰው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ይኼ ብረት ነው። ጣውላ ጠረብኩ፣ የበግ ጠጉር ጠቀጠቅኩ፣ ቆዳ ወጠርኩበት። ሙሴ ያኒ ሞክሮት ወገቡን ይዞ ተመለሰ።

አንቺ ያን ጊዜ ከበቅሎ ወድቀሽ ዳሌሽ ከተጎዳ ወዲህ በርጩማ ላይ እንኳ ተመችቶሽ አትቀመጪም ነበር። እናትሽ ደግሞ ሶደሬ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ታመው ተኝተዋል። በየቀኑ ወደዚያ አቅጣጫ ታያለሽ፤ መሄጃ የለሽም።

"እስቲ እኔ ልቀመጥበት" አልሽኝ። ደግፌ አወጣሁሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆየሽና በጣትሽ እያሳየሽ፣ "እዚህ ጋ አጥንት ይነካል፣ ጎድጎድ አድርገው። ከኋላው ትንሽ ከፍ ይበል። ጠጉሩንም እንዲህ አትጠቅጥቀው" አልሽ። ፈታሁት። አንቺ ትቀመጫለሽ፣ ታርሚያለሽ፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እፈታለሁ። በመጨረሻ ተቀምጠሽበት ፊትሽ ላይ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። ሕመሙን ስትጠብቂው ሕመሙ ቀረ። አለቀስሽ። እኔም ከእጄ የወጣውን ነገር እንደ እንግዳ ነገር አየሁት።

ሙሴ ያኒ ሞጆ ደርሶ እየሳቀ ሲመለስ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። እኔ አፌን ሳልከፍት አንቺ ቀድመሽ፣ "እናቴ ጋ አድርሰኝ" አልሽው።

ጎረቤቱ ጉድ አለ። "ሴት ልጅ ከፈረንጅ ጋር፣ ያውም በብረት ላይ!" እያሉ ሊያስተዉኝ መጡ። እኔ ግን ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከኋላ በኩል ለአንቺ የሚሆን ሁለተኛ መቀመጫ፣ ከነመደገፊያው፣ በጎን እንድትቀመጪበት አድርጌ ሠራሁ።

ያ ጠዋት! ዶቅዶቄው ሲጮህ የባቡር ጣቢያው በቅሎዎች ገመድ በጠሱ፣ ሰው ከየሱቁ ወጣ። አንቺ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ አንዴ ዞረሽ አየሽኝና አቧራው ውስጥ ገባሽ። ከአልጋ እስከ በር ለመሄድ የእኔን ትከሻ የምትይዢው ሴት ከዓይኔ ስትሰወሪ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ደስታ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እኔ በበቅሎ ተከትዬ ስደርስ እናትሽ ራስጌ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። ፊትሽን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በምን መጣሽ?" ይሉሻል። አንቺም "ባሌ በሠራው ኮርቻ" አልሽ። ነፍሳቸው እስክትወጣ ድረስ አጠገባቸው ሆንሽ፤ በእጅሽ ውሃ አጠጣሻቸው። ያንን አላህ አልነፈገሽም።

ያን ቀን ሥራውን ሁሉ ለእኔ ሰጠሽኝ፤ እኔም ሰው ፊት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን መጥቶ እጄን የሚያመሰግን ሁሉ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ "የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የሠራችው ዘይነባ ናት" እለዋለሁ። ዘይነባ ማን ናት ብሎ ከጠየቀኝ፣ መርፌዬን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ እነግራለሁ።

ባልሽ ሰዒድ